ውጤት ይዘሽ ነይ

ሁለቱም የሩጫ ሰዎች ናቸው። እሳቸው ከዳባት እስከ ጎንደር ለብዙ ዓመታት የታዳጊ ፕሮጀክት ያሰለጠኑ፣ ዛሬም ሰዓት መያዣውን ከአንገታቸው የማያወርዱ አዛውንት ናቸው። እሷ በልጅነቷ በእጃቸው ያለፈች የ1,500 ሜትር ሯጭ ነበረች። ክለብ ሳትገባ ቀርታ ትምህርቷን ገፋች፤ አሁን ጎንደር ውስጥ ስፖርት ሳይንስ ታስተምራለች። ከጠዋት ልምምድ በኋላ ሻይ ይዘው የገጠሙት ክርክር የሚከተለው ነው።

አሰልጣኝ፦ ኮሌጅ፣ ኮሌጅ ትይኛለሽ። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ከኮሌጅ ወጥቶ ኦሊምፒክ የሄደ ኢትዮጵያዊ ማን አለ? አበበ ቢቂላ ክብር ዘበኛ ነው። ማሞ ወልዴም ክብር ዘበኛ። ምሩጽ ይፍጠር አየር ኃይል። ፋጡማ ሮባና ጥሩነሽ ዲባባ ማረሚያ ቤት። ቀነኒሳ ሙገር ሲሚንቶ። ዝርዝሩ ይኸው፤ ወታደር አለበት፣ ፖሊስ አለበት፣ ፋብሪካ አለበት። ኮሌጅ የለበትም።

መምህርት፦ አንድ ልጥራልዎት? ኃይሉ ኤባ። በ1972 ሙኒክ ላይ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የሮጠ፣ አሜሪካ ውስጥ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሯጭ ነበር።

አሰልጣኝ፦ አንድ ሰው መንገድ አያወጣም።

መምህርት፦ አያወጣም፤ እውነትዎን ነው። እኔም ስለ ዩኒቨርሲቲ አይደለም የማወራው። ከሱ በታች ስላለው ነው። አሜሪካኖች ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሉት አላቸው። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው፤ ክፍያው ቀላል ነው፤ የመግቢያ ነጥብ እንደ ዩኒቨርሲቲው አያስጨንቅም። የአካባቢው ልጅ ከቤቱ እየተመላለሰ ይማራል። ነጥብ ያልሞላለት፣ ገንዘብ ያጠረው፣ ዘግይቶ የነቃ ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። ብዙዎቹ የሩጫ ቡድንና አሰልጣኝ አላቸው። ከዚያ ተነስተው ኦሊምፒክ የደረሱት ደግሞ አንድና ሁለት አይደሉም።

አሰልጣኝ፦ ስም ጥሪ። ሰዓትም ካለሽ ሰዓት።

መምህርት፦ ማክ ሮቢንሰን፤ ፓሳዲና ጁኒየር ኮሌጅ ሮጦ፣ በ1936 በርሊን ላይ በ200 ሜትር ጄሲ ኦውንስን ተከትሎ ብር ወሰደ። ኦውንስ 20.7፣ እሱ 21.1። ሊ ኢቫንስ፤ ሳን ሆዜ ሲቲ ኮሌጅ ጀምሮ፣ በ1968 ሜክሲኮ ላይ 400 ሜትርን በ43.86 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

አሰልጣኝ፦ ሜክሲኮን ተይኝ፤ ማሞ ማራቶኑን ያሸነፈበት ነው። ከፍታው ከጎንደር ብዙ አይርቅም።

መምህርት፦ እሺ፤ ቬሮኒካ ካምቤል። ከጃማይካ ገጠር ተነስታ ካንሳስ ውስጥ ባርተን የሚባል ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባች። ከዚያ አርካንሶ ዩኒቨርሲቲ። በ2004 አቴንስ እና በ2008 ቤጂንግ የ200 ሜትር ወርቅ የሷ ነው። ታይሰን ጌይም የባርተን ልጅ ነው።

አሰልጣኝ፦ በዶፒንግ የተቀጣውን ነው? ጥሩ ምስክር አመጣሽ።

መምህርት፦ ቅጣቱ የራሱ ነው፤ በሩን የከፈተለት ግን ኮሌጁ ነው። ሁለቱን አይደባልቁብኝ።

አሰልጣኝ፦ እሺ ይሁን። ግን የጠራሻቸው ሁሉ የአጭር ርቀት ሰዎች ናቸው። ለሰሜን ልጅ ምን ይሆነዋል? የኛ ልጅ መቶ ሜትር ላይ ገና ሳይሞቀው ውድድሩ ያልቃል።

መምህርት፦ መጨረሻ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። አብዲ አብዲራህማን፤ ሶማሊያ ተወልዶ፣ በስደት በኬንያ አልፎ፣ አሪዞና ቱሳን የገባ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ ሯጭ አልነበረም። መሮጥ የጀመረው ፒማ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ነው። ከዚያ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። በ2000፣ በ2004 እና በ2008 ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር፣ በ2012 ለንደን ማራቶን፣ በቶኪዮ ደግሞ 44 ዓመት ሆኖት እንደገና ማራቶን። አምስት ኦሊምፒክ! እዚህ ቢሆን ኖሮ 18 ዓመት ሞልቶት ያልሮጠ ልጅ ወደ እርስዎ ፕሮጀክት ቢመጣ ምን ይሉት ነበር?

አሰልጣኝ፦ «አልፎብሃል፤ ሂድ ኳስ ተጫወት» እለው ነበር። አልዋሽሽም።

መምህርት፦ ይኸው ነው የኔ ነገር።

አሰልጣኝ፦ ቆይ፣ ቆይ። ነገሩን ከሥሩ እንየው። እኛ የጎደለን እግር አይደለም፤ አየርም አይደለም። ደባርቅ 2,800 ሜትር ያልፋል፤ ከበቆጂ አያንስም። ዳባትም ቢሆን ደጋ ነው። ገብሱ አለ፣ ዳገቱ አለ። የሰሜን ተራራ ሥር ያለ ልጅ ከብት ተከትሎ በኮንጎ ጫማ ሲወጣ ትንፋሹ አይሰማም፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ አዳምጬ አውቃለሁ። በቆጂ ግን ደራርቱን አወጣ፣ ፋጡማን አወጣ፣ ቀነኒሳን አወጣ፣ ጥሩነሽን አወጣ። ደባርቅ ማንን አወጣ? ያው አየር፣ ያው ገብስ!

መምህርት፦ በቆጂ ስንታየሁ እሸቱ ነበሩ።

አሰልጣኝ፦ እሱን ልልሽ ነው። ስንታየሁ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበር። ልጆቹን በክፍለ ጊዜው ሲሮጡ አይቶ ለየ፤ ጠዋት ጠዋት ሰበሰበ፤ ለክለቦች አሳየ። አንድ ሰው ነው ከተማውን የሠራው። ስለዚህ የሚያስፈልገን ኮሌጅ አይደለም፤ ዓይን ያለው አስተማሪ ነው።

መምህርት፦ እርስዎስ ዓይን የለዎትም?

አሰልጣኝ፦ አለኝ እንጂ።

መምህርት፦ ታዲያ የእርስዎ ልጆች የት ደረሱ? ደብተርዎን ያውጡ፤ ከኪስዎ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

አሰልጣኝ፦ ይኸው፤ እዪ። ስም፣ ቀበሌ፣ የ800 ሰዓት፣ የ3,000 ሰዓት። መጨረሻው ዓምድ «የት ደረሰ» የሚል ነው። «አገባች።» «ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄደ፤ አልተመለሰም።» «አዲስ አበባ ወረደ፤ ቀን ሥራ።» «12ኛ ወደቀ።» «አገባች።» ይቺ፣ ከዳባት ወጣ ብሎ ካለው ገጠር የመጣች፣ በባዶ እግሯ ሰዓቷን ሳነብ ሰዓት መያዣዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በበዓል ወደ ቤተሰብ እንደሄደች ቀረች። ስጠይቅ ታጭታለች አሉኝ።

መምህርት፦ ሁሉም በ16 እና በ19 ዓመት መካከል ነው የጠፉት፤ ልብ ብለዋል? ሲገኙ ልጆች ናቸው፤ እርስዎ ያገኟቸዋል። ክለብ የሚፈልጋቸው ደግሞ ሲበስሉ ነው። በመሃል ባሉት ሁለት ሦስት ዓመታት የሚያሳድራቸው የለም። የበቆጂ ልጅ የክለብ መልማይ ደጁ ድረስ ይመጣለታል፤ ራሱም ቢነሳ ግማሽ ቀን ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። የደባርቅ ልጅ ጎንደር ለመድረስ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር አለበት፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 በላይ።

አሰልጣኝ፦ የጥሩነሽን ነገር ግን አትርሺ። አዲስ አበባ የመጣችው ልትማር ነበር፤ ምዝገባው አልፎ ደረሰች። ብትመለስ የሚጠብቃት ባል ነው። ሮጣ ማረሚያ ገባች። ትምህርት ቤት የዘጋባትን ክለብ ከፈተላት። ታዲያ ማን ይሻላል?

መምህርት፦ ያ ታሪክ ለኔ ነው የሚመሰክረው ጋሼ። አዲስ አበባ ስትደርስ የምታርፍበት ቤት ነበራት፤ እህቷ እጅጋየሁም የአጎቷ ልጅ በቀሉም እዚያው ሯጮች ነበሩ። አልጋና እንጀራ ስላገኘች ነው ክለቡ እስኪያያት መቆየት የቻለችው። የእርስዎ የዳባቷ ልጅ አዲስ አበባ ማን አላት? ጎንደር እንኳ ማን ነበራት?

አሰልጣኝ፦ ማንም።

መምህርት፦ እኔንም ያስታውሱ። ያሳዩኝን ክለብ ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም ያሉ ሰዎች ናቸው። ሰዓቴን አይተው «ጥሩ ነው፤ ግን ክልል ላይ ውጤት ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ክልል ላይ ውጤት ለማምጣት የት እያደርኩ፣ ምን እየበላሁ፣ በማን ጫማ? እሱን የጠየቀኝ የለም። ክለብ «ውጤት ይዘሽ ነይ» ይላል። እነዚያ ኮሌጆች «ነይና ውጤት አምጪ» ነው የሚሉት። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሰልጣኝ፦ ክለብን አታሳንሺ። ክለብ ደሞዝ ነው፤ ደሞዝ ደግሞ ቤተሰብ ነው። ገበሬው ልጁን የሚለቀው ወር በገባ ቁጥር የሚላክ ነገር ሲያይ ነው።

መምህርት፦ አላሳንስም። እንዲያውም ልንገርዎት፤ ለአበበ ኮሌጁ ክብር ዘበኛ ነበር። አልጋ ሰጠው፣ ምግብ ሰጠው፣ ደሞዝ ሰጠው፣ ኦኒ ኒስካነንን የሚያህል አሰልጣኝ አገናኘው። ሜዳሊያ ሳይኖረው ነው ያን ሁሉ ያገኘው፤ የተቀጠረው ወታደር ሊሆን እንጂ ሮም ላይ ሊሮጥ አልነበረም። መጀመሪያ ሰውየውን ያዙት፤ ሩጫው በኋላ መጣ። የዛሬ ክለብ መጀመሪያ ሩጫውን ካላየ ሰውየውን አይዝም። ስለዚህ ያንን የድሮውን በር ዛሬ ሊከፍት የሚችል ሌላ ቤት መፈለግ አለብን።

አሰልጣኝ፦ ማሰልጠኛ ማዕከል አለ እኮ። ደብረ ብርሃን አለ፣ ተንታ አለ።

መምህርት፦ አሉ፤ ደግም ይሠራሉ። ግን ደብረ ብርሃን ሰሜን ሸዋ ነው፤ ተንታ ወሎ ነው። ከዚህ ለሚሄድ ልጅ ሌላ አገር ነው። አባት ሴት ልጁን ያን ያህል ርቀት ለሩጫ ብሎ አይልክም። «ጎንደር ኮሌጅ ገባች» ቢባል ግን ይልካል። አጎቷ አዘዞ ይኖራል፤ አክስቷ ቅዳሜ ገበያ ትነግዳለች። «ኮሌጅ» የሚለው ለአባትየው ክብር ነው፤ ለሽምግልናውም መመለሻ ነው። «ትምህርቷን ትጨርስ» ሲል ሽማግሌ ይሰማዋል፤ «ሩጫዋን ትጨርስ» ቢል ይስቁበታል።

አሰልጣኝ፦ ይቺን ወድጃታለሁ። ግን የትኛው ኮሌጅ? ዩኒቨርሲቲው እንደሆነ የሚገባው በነጥብ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኝ ከመቶ ሦስት ያህሉ ነው 50 በመቶና በላይ ያመጣው። በ2015 ዓ.ምም ከዚያ አልተሻለም። በኛ በኩል ደግሞ ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ሲዘጋ ሲከፍት ከረመ። የኔ ሯጮች ከሦስቱ ውስጥ አይገኙም።

መምህርት፦ ለዚህም ነው ዩኒቨርሲቲውን ያልጠራሁት። ከመቶው 97ቱ የት ይሂዱ? ቴክኒክና ሙያ። ጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላት፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። እነዚህ ናቸው የኛ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች፤ የጎደላቸው የሩጫ ቡድን ብቻ ነው። አዲስ ሕንፃ አልጠየቅሁም። ደባርቅና ዳባት ላይ በአስተማሪዎች የሚለዩ ልጆች፣ ጥቂት አልጋ፣ ከካፌው ትንሽ ጠንከር ያለ ምግብ፣ አንድ ደሞዙ የተቆረጠለት አሰልጣኝ፣ ከኮሌጅ ኮሌጅ ውድድር። ትራክ ሲያስፈልግ ፋሲለደስ ስታዲየም አለ፤ ዳገት ሲያስፈልግ ጎሃ አለ።

አሰልጣኝ፦ ቀላል አስመሰልሽው። እኔ እንደ አሰልጣኝ ልናገር። ረጅም ርቀት የሚሮጥ ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ በመሃል ይተኛል። እንቅልፉ ልምምዱ ነው። አንቺ ያንን ሰዓት ብየዳ ታስተምሪዋለሽ፤ ማታ ደግሞ ኢንተርቫል ይስጡት ትይኛለሽ። ከዚያ ጅማቱ ይበጠስና ሁለቱንም ያጣል። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ መኸር ሀገር አቋራጭ፣ ክረምት የቤት ውስጥ፣ ጸደይ ትራክ እያሉ ተማሪውን ለነጥብ ሲያሯሩጡ ስንቱን ጨርሰውታል!

መምህርት፦ ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፤ አልከራከርዎትም። መፍትሔው ትምህርቱን ማስረዘም ነው። ሁለት ዓመት የሚፈጀውን ሦስት ዓመት ይውሰድ፤ ጠዋቱ ለልምምድ ይተው፤ ክፍሉ ከሰዓት ይሁን። በየሳምንቱ መወዳደርም የለም፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ጎረቤታችንን ይዩ። ኬንያ ኢቴን ላይ ቅዱስ ፓትሪክ የሚባል የወንዶች ትምህርት ቤት አለ፤ በ1988 ሴኡል ላይ የ1,500 ሜትር ወርቅ የወሰደው ፒተር ሮኖ እዚያ የተማረ ነው። ብራዘር ኮልም ኦኮኔል፣ አየርላንዳዊው መነኩሴ፣ ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ሄደው ነው አሰልጣኝ የሆኑት፤ በኋላ ዴቪድ ሩዲሻን ያፈሩት እሳቸው ናቸው። ደብተርና ትራክ አንድ ግቢ ውስጥ ኖረዋል፤ አልተጣሉም።

አሰልጣኝ፦ ኢቴን ዝናው ሰው ጠራለት።

መምህርት፦ ሲጀምር ዝና አልነበረውም።

አሰልጣኝ፦ ሌላ የሚያንገበግበኝ ደግሞ አለ። የዚህ አገር እግር ሌላ ማሊያ ለብሶ ሲሮጥ ማየት። ቤተ እስራኤሎቹ የጎንደር ልጆች ናቸው። ማሩ ተፈሪን አየሽው? በ14 ዓመቱ ነው ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄደው። ሪዮና ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ማራቶን ሮጠ፤ በ2023 ቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና የማራቶን ብር ወሰደ። ጎበዝ ነው፤ አልቀናበትም። ግን እዚህ ቢቀር ኖሮ ደብተሬ ላይ ምን እጽፍለት ነበር እያልኩ አስባለሁ።

መምህርት፦ በ14 ዓመቱ ነው አሉ። ልክ የእርስዎ ልጆች መጥፋት ከመጀመራቸው በፊት። እንደ አትሌት ያደገው እዚያ ነው፤ እነዚያን የመሃል ዓመታት የያዘው ሥርዓት አገኘ ማለት ነው።

አሰልጣኝ፦ እንግዲህ ትልቁን ጥያቄ ልጠይቅሽ። ኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ የሩጫ ውድድር ከሦስት ሰው በላይ አያስገባም። በ10,000 ሜትር ኢትዮጵያ ሦስት ብቻ ነው የምታሰልፈው። ከአገሩ ሁሉ ሦስት! አንቺ ኮሌጅ ብታቆሚ፣ ሃያ ልጅ ብትይዢ፣ ስንቱ ነው ከነዚያ ሦስት የሚገባው? ምናልባት በሃያ ዓመት አንድ። ለዚህ ነው ገንዘብ የሚወጣው?

መምህርት፦ ለቀሩት ነው የሚወጣው። ክለብ ያስቀረው ሯጭ በ25 ዓመቱ ምን ይዞ ይወጣል? ያረጀ ስፓይክ። ከኮሌጅ የወጣው ቢያንስ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ቢያንስ አስተማሪ ነው። ምናልባትም ደባርቅ ተመድቦ የሚቀጥለውን ልጅ የሚለየው እሱ ይሆናል። ስንታየሁ እሸቱን ያህል ሰው የሚወለደው ከዚህ ነው።

አሰልጣኝ፦ ሜዳሊያ ያገኘውስ? እሱ ዲፕሎማ ምን ያደርግለታል?

መምህርት፦ ማክ ሮቢንሰንን መጀመሪያ ላይ ጠርቼልዎት ነበር። ከበርሊን ብሩን ይዞ ፓሳዲና ተመለሰ። ኋላ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲም ሮጧል። ግን ጥቁር ስለነበር፣ ከተማው ያገኘለት ሥራ መንገድ መጥረግ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ጃኪ ሮቢንሰን ኋላ በቤዝቦል አገር ያወቀው ሰው ሆነ፤ እሱ ግን መጥረጊያ ይዞ ነው የታየው። ሜዳሊያ እንጀራ አይጋግርም፤ ትምህርትም ብቻውን አያድንም፤ ሥራ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ስል ኮሌጅ ተአምር ይሠራል አላልኩም። ግን ያለ ሙያ ከመቅረት ይሻላል፤ እኛ አገር ደግሞ ሯጩን የሚያስቀረው ቀለሙ አይደለም፤ እጁ ባዶ መሆኑ ነው።

አሰልጣኝ፦ ይሄን ዲን ፊት ቆመሽ ስትናገሪ ባየሁ!

መምህርት፦ እናገራለሁ። መጀመሪያ የሚጠይቀኝን አውቀዋለሁ፤ «በጀቱ ከየት ነው?» ይላል። ለሃያ ልጅ አልጋና ምግብ ኮሌጁ ብቻውን አይችልም፤ የከተማ አስተዳደሩ ይጨምር፤ የጎንደር ነጋዴ ይጨምር። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ከተማው እንዴት እንደሆነ አይተዋል። ለኳስ የተከፈተ እጅ ነው፤ ለሩጫ የጠየቀው የለም እንጂ።

አሰልጣኝ፦ ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልንገርሽ። ቡድኑ አራት ዓመት ሮጦ አንድም ልጅ ብሔራዊ ቡድን ባያስገባስ?

መምህርት፦ ይዘጋ ይላሉ። ለዚህ ነው መለኪያውን ከመጀመሪያው መጻፍ ያለብን። ስንቱ ሰዓቱን አሻሻለ? ስንቱ ጨርሶ ተመረቀ? ስንቷ ሳትዳር ቆየች? ኦሊምፒክ የሚመጣው ከነዚህ በኋላ ነው፤ ባይመጣም እነዚህን አይሰርዝም።

አሰልጣኝ፦ እኔም አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ሲገቡ ሰዓት አይጠየቁ፤ እሺ፣ ያልሽው ይሁን። በዓመቱ ግን ሚኒማ ይኑር። ያላሻሻለ አልጋውን ለሌላ ይልቀቅ። ሩጫ ምሕረት የለውም፤ በምሕረት ያሳደግሽው ሯጭ መጀመሪያ የወጣ ጊዜ ይሰበራል።

መምህርት፦ ከቡድኑ ይውጣ። ከትምህርቱ ግን አይወጣም፤ ዶርሙንም ቢለቅ ክፍሉን አይለቅም።

አሰልጣኝ፦ ይሁን፤ ተስማማን። አልጋውን አንቺ ፈልጊ፤ እግሩን እኔ አመጣለሁ።